እማማ ድራማዬን የሰሙበት እሑድ

ተከራያችን መጀመሪያ ወደ አቃቂ የመጣው መርዶ ሊያረዳ ነበር። ሠራዊቱ ተበትኖ ካኪ የለበሰ ሰው በየመንገዱ እየለመነ በሚታይበት በዚያ ክረምት፣ ግማሹን በእግሩ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ከሰሜን ወረደና ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያገኘውን ሁሉ የአንዲት ሴት ቤት ጠየቀ። ሴትዮዋ ሰፈሩ እማማ የሚላቸው፣ የጓደኛው እናት ናቸው። ጓደኛው በብሔራዊ ውትድርና አብሮት ሠልጥኖ፣ አብሮት ዘምቶ፣ እዚያው የቀረ የሰፈራችን ልጅ ነበር።

ሐሳቡ መርዶውን ተናግሮ ወደ አገሩ ወደ ጎጃም መሄድ ነበር። ግን አልሄደም። ለቅሶው ላይ ድንኳን ሲተክል፣ ውሃ ሲቀዳ፣ አግዳሚ ሲሸከም ሰነበተ። አርባው ወጣ፣ እሱ እዚያው ነው። ቃሊቲ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ በጥበቃ ተቀጠረና አባቴ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚያከራያትን ክፍል ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ተረኛ ካልሆነ በቀር፣ እሑድን ከእማማ ቤት ሌላ ቦታ ሲያሳልፍ አላየሁትም። ጣሪያቸው ሲያፈስ ይወጣል፣ እህላቸውን ወፍጮ ቤት ያደርሳል፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግፎ ጤና ጣቢያ ይወስዳቸዋል። እሱ "እማዬ" ይላቸዋል፣ እሳቸውም "ልጄ" ይሉታል። ሰፈሩ "እግዜር አንዱን ወስዶ አንዱን ካሳቸው" ይል ነበር።

መርዶውን ሲያረዳ ምን እንዳለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ እማማ ለገባ ለወጣው ይናገሩታላ። አንዲት ጥይት ናት የመታችው። አልተሰቃየም። አንድ ቃል ሳይተነፍስ አረፈ። ጓደኛው በገዛ እጁ ቆፍሮ ዋርካ ሥር ቀበረውና ድንጋይ ደርድሮ ምልክት አደረገበት። እማማ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ "ዋርካ ደግሞ ጥላው ሰፊ ነው" ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። ሥራዬ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት መመዝገብ ቢሆንም፣ ራሴን የምቆጥረው ከደራሲ ነበር። ለቀበሌ ወጣቶች ሁለት አጫጭር ጭውውቶች ጽፌ ተጨብጭቦልኛል፤ ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የድንበሩ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን አንድ የሬዲዮ የድራማ ክፍለ ጊዜ ስለ ወታደሮች የተጻፉ ድራማዎችን እንደሚቀበል ሰማሁ። በሳምንት ውስጥ ጽፌ በውይይት ታክሲ ከተማ ወጣሁና አስረከብኩ። አዘጋጁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ጠና ያለ ሰው፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን መለሰልኝ።

"ወታደሮችሽ በሙሉ መፈክር ነው የሚናገሩት" አለኝ። "ሰው የታለ? ሰው አምጪልኝ።"

በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ በረንዳ ላይ ሆኜ ያንኑ ጽሑፍ ለአባቴ አነብለታለሁ። አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው፤ ጆሮው ስለደከመ ጮክ ማለት ግድ ነው። ተከራያችን ቧንቧው ሥር ካልሲውን ያጥባል። ድራማዬ ውስጥ ያለው ሻምበል ቆስሎ ከወደቀ በኋላ ስለ አገር ፍቅር ረጅም ንግግር ሲያደርግ፣ ከቧንቧው በኩል ሳቅ ሰማሁ።

"ምን ያስቃል ጋሼ?" አልኩት ተናድጄ።

"አይ፣ የቆሰለ ሰው እንዲህ አይናገርም ብዬ ነው።"

"ምን ይላል ታዲያ?"

ካልሲውን ጨምቆ ገመዱ ላይ አሰጣው። አባቴ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ መጥቶ ከእኔ ዝቅ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"ሆዱን ነው የተመታው" አለ። በመጀመሪያ ስለ ማን እንደሚያወራ አልገባኝም ነበር። "እያፈገፈግን ነው። ተሸክሜው ብዙ ሄድኩ። ሲያቅተኝ አንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጥኩት። ልቡናው አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል። አንዳንዴ እዚህ፣ አቃቂ ያለ ይመስለዋል። 'አንተ ቅደም' ይለኛል። 'በሩን ዝም ብለህ ብትገፋው አይከፈትልህም፣ ወደ ላይ ከፍ አድርገህ ግፋው። እማዬ እንዳትደነግጥ ቀስ ብለህ።' ከዚያ ውሃ አለኝ። የሁለታችንንም ኮዳ ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ቀድቼ ስመለስ የመጨረሻዎቹ መኪናዎች ከመንገዱ ሲነሱ አየሁ። ወደ እሱ ብሄድ አይጠብቁኝም። ወደ መኪናው ሮጥኩ።"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ኮዳዎቹ ሙሉ ነበሩ። መኪናው ላይ ያሉት ተቀባበሉና ጠጡት። እኔም ጠጣሁ።"

"ዋርካውስ?" አልኩት።

"ዋርካ የለም። ልነግራቸው ነበር የመጣሁት እኮ። ገና በር ላይ ሲያዩኝ፣ አፌን ሳልከፍት፣ 'ተሰቃይቷል?' አሉኝ። 'አልተሰቃየም' አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ የቀረው በራሱ እየተከታተለ ወጣ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄን ካንቺ ሌላ የሰማ የለም። እማዬ እስካሉ ድረስ ከዚህ በረንዳ እንዳይወጣ።"

"አባቴ ይሙት፣ አይወጣም" አልኩት።

ሦስት ቀን ቆየሁ። ሦስት ቀን መቆየቴን ዛሬም እንደ ደግ ሥራ ልቆጥረው ይቃጣኛል። በአራተኛው ቀን ከሥራ መልስ ተቀምጬ ጻፍኩት፤ አንድም ቃል ሳልሰርዝ ወረደልኝ። እርግጥ ለዋወጥኩ። አቃቂን የወሎ ከተማ አደረግኳት። እናቲቱን አሮጊት አክስት አደረግኳት። ወታደሮቹን ሌላ ስም፣ ጦርነቱን ሌላ ጦርነት አደረግኩት። በሩን ግን ተውኩት። የማን በር እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ለማኅበርም ለለቅሶም እየተላኩ ያንን ዘመም ያለ የቆርቆሮ በር ወደ ላይ አንስቼ ገፍቼዋለሁ። መስመሩ ደስ ስላለኝ ነው የተውኩት። ድራማው ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነና እኔ ብሞት ልፈጥረው እንደማልችል አውቄዋለሁ። ለራሴ ደግሞ ምክንያት አዘጋጀሁ፤ እማማ ሬዲዮ የላቸውም፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ሰንበቴ አይቀሩም።

አዘጋጁ እዚያው ፊቴ አነበበው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰና "ይሄ ነው!" አለ። "በሩ! በሩን ከየት አመጣሽው?"

"እንዲሁ መጣልኝ" አልኩት።

"መጨረሻው ግን አይሆንም። ልጆች ግንባር እየሄዱ ባሉበት ሰዓት ጓደኛውን ጥሎ የሚሄድ ወታደር አናስተላልፍም። ውሃውን ያድርስለት። እቅፉ ውስጥ ይሙት።"

ልከራከር ይገባኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወታደሩን ኮዳውን አስይዤ መለስኩት። የቆሰለው ጠጣ፣ ፈገግ አለ፣ ጓደኛው ክንድ ላይ አረፈ።

የሚተላለፈው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሆነ ሲነገረኝ ለፋብሪካው ሰው ሁሉ ተናገርኩ። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ማዕዘኑ ላይ ላለው የስልጤ ባለሱቅም ነገርኩ። ያልነገርኩት ለተከራያችን ብቻ ነው። ያን ዕለት እስከ አሥር ሰዓት ተረኛ መሆኑን አስቀድሜ አጣርቼ ነበር። ይሄን ማጣራቴ ነው ከሁሉ የሚቆጨኝ፤ አጥፊ መሆኑን የማያውቅ ሰው አያጣራም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢያችን በሰው ሞላ። የአባቴ ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። ተዋናዮቹ ጎበዞች ነበሩ፤ የቆሰለውን ሆኖ የተጫወተው ልጅ "ከፍ አድርገህ ግፋው" ሲል ጎረቤቶቼ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ፣ ደረቴም ተነፋ። ሲያልቅ ሳሙኝ፣ መረቁኝ። ባለሱቁ፣ እኔን ለማክበር ብሎ፣ ሬዲዮውን ባንኮኒው ላይ አውጥቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እማማ ሰንበቴ ሳይሄዱ ጨው ሊገዙ ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር።

ምርቃቱ ሳያልቅ ተከራያችን፣ ተረካቢው ቀድሞ ደርሶለት ኖሮ፣ የጥበቃ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ከሥራ ገባ። "ምንድን ነው ደስታው?" ሲል፣ አንዷ ጎረቤት "ስለ ወታደሮች የጻፈችው ድራማ እኮ በሬዲዮ ተላለፈ! ስንቱን አስለቀሰችው" አለችው። ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ ለማለት እየሞከርኩ ሳለ ከኋላው የግቢያችን በር ተከፈተና እማማ ገቡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ረስተው እየሮጡ ነው የመጡት ማለት ይቻላል።

"ልጄ!" አሉት፣ ሁለት እጁን ይዘው። ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉም። "ለምን ደበቅኸኝ? እ? ውሃ አጠጥተኸው፣ አቅፈኸው፣ መሰቃየቱን ሰምቼ እንዳይከፋኝ ብለህ ነው? የኔን በር ነው እኮ ያለው! ሊገባ ነበር እኮ! ቤቱ ሊገባ ነበር!" እጁን ይስሙታል። እሱ እንዳይሳም ይሸሻል። "አንተ ባታጠጣው ማን ያጠጣልኝ ነበር? ተባረክ። ተባረክ የኔ ልጅ።"

ተከራያችን በእማማ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረውም፤ የሚጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። "እማማ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ የእርስዎን በር አይቼ ነው" ብል እኔ አፍር ነበር፣ እነሱ ግን ይድኑ ነበር። ሰው ሁሉ ደራሲ ብሎ ከብቦኝ ቆሟል። ዝም አልኩ።

"እማዬ" አለ እሱ። "አላጠጣሁትም።"

"ምን?"

"ውሃውን አላደረስኩለትም። ቀድቼ ነበር። መኪና ሲነሳ አየሁና ትቼው ሄድኩ።"

"ሬዲዮው እኮ..."

"ሬዲዮው አያውቅም። አልቀበርኩትም። ዋርካም የለም።"

እማማ እጁን ለቀቁት። እዚያው ረጠብ ያለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ሊያነሳቸው አልተጠጋም። ሰው መንገድ እንደሚጠይቅ ባለ ድምፅ፣

"ስትሄድ ነፍሱ ነበረች?" አሉት።

"ነበረች።"

"እየጠበቀህ?"

"እየጠበቀኝ።"

መሬቱን ተመርኩዘው ተነሱ። ልደግፋቸው ስጠጋ እጄን ገፉት። እሱ ሁለት እርምጃ ተከተላቸው።

"አትከተለኝ" አሉት ሳይዞሩ።

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ቁልፉን ለአባቴ ሰጥቶ፣ ተሰናብቶ ሄዷል። የት እንደሚሄድ አልተናገረም። ለአባቴ ሁሉንም፣ መሐላዬንም ጭምር ነገርኩት። ጆሮው ዘንድ ጠጋ ብዬ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ።

"በእኔ ስም ምለሽ?" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ላንብብልህ ስለው "ጆሮዬ አይሰማም" ይለኝ ጀመር።

ድራማውን ሰው ወደደው። ሐሙስ በድጋሚ ሊተላለፍ መሆኑን ስሰማ ከፋብሪካው ስልክ ደውዬ እንዲያስቀሩት ለመንኩ። "አድማጭ ጠይቆ እንዴት ይቀራል?" አለኝ አዘጋጁ፣ እየሳቀ። "ትሕትናሽ ገደለሽ።" ሐሙስ ቀን በፋብሪካው ምሳ ቤት ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተቀመጠበት፣ እንደገና ሰማሁት። ማቋረጥም መውጣትም አልቻልኩም። ሲያልቅ ተጨበጨበልኝ።

እማማ ዘንድ ለመሄድ አንድ ወር ፈጀብኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጓዳ በር ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ገብቼ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁና ምስጢሩ ለእኔ ብቻ የተነገረ እንደነበር፣ ምዬለትም እንደነበር፣ መጨረሻውን የቀየርኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ምስሩን መልቀም አላቋረጡም።

"ተነሽ" አሉኝ። "ልጄን የገደልሽው አንቺ አይደለሽም።"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"ሰባት ዓመት ተቀብሮ ነበር" አሉ። "ስተኛም ስነሳም ዋርካው ሥር ነው። አሁን ሜዳ ላይ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ሜዳ ላይ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ሜዳ ላይ ነው።" አንድ ጠጠር ለይተው ጣሉ። "ያንን ሁሉ በሬዲዮ ካሰማሽኝ በኋላ ደግሞ መቃብሬን የሚቆፍርልኝንም ልጅ አሳጣሽኝ። አትከተለኝ ያልኩትስ እኔ ነኝ። ያን ቀን አትከተለኝ አልኩት እንጂ ጨርሰህ ጥፋ መቼ አልኩት?" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። "ፈልጊልኝ። ይቅርታ ከፈለግሽ እሱን ፈልጊልኝ።"

መጋዘኑ ያሉ ጓደኞቹን ጠየቅኩ። አንዱ ሞጆ እንዳየው ነገረኝ። ሁለት ቅዳሜ ሄጄ አጣሁት። በሦስተኛው፣ ከከተማው መውጫ ባለ የጭነት መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ያንኑ ካፖርት ለብሶ አገኘሁት። ከስቷል። ሲያየኝ አልደነገጠም፣ ተቀመጪም አላለኝም።

"እማማ ና ብለውሃል" አልኩት።

"ምን ብለው?"

"አትከተለኝ አልኩት እንጂ ጥፋ አላልኩትም ብለው።"

አንድ ተሳቢ መኪና ገባና በሩን ሊከፍት ሄደ። እስኪመለስ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ የኔን ጥፋት..."

"ጥፋቱን አንቺ አላደረግሽውም" አለኝ። "ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ጻፍሽው። ልነግራቸውም ይገባ ነበር። ግን መቼና እንዴት እንደሚነገር ሰባት ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ። አንዳንድ እሑድ በሩ ድረስ አፌ ላይ አድርጌው እሄድና እመለሳለሁ። የኔ ነበረች ያቺ ቀን። አንቺ ለሬዲዮ ሰጠሻት።"

"ትመጣለህ?" ብቻ አልኩት።

"ሂጂ አሁን፣ ይመሽብሻል" አለኝ። ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

የመጣው ከሁለት ወር በኋላ፣ በገና ጾም መግቢያ ላይ ነው። ሲገባ ያየችው ጎረቤት ናት የነገረችኝ፤ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤቱ ተዘግቶ እንደዋለና አንድ ጊዜ እማማ ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ እንደተሰማ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። የማወቅ ፍላጎት እንዳለኝ ግን አልክድም፤ ያን ዕለት እንኳ፣ ካፈርኩም በኋላ፣ በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ብለጥፍ ብዬ ተመኝቻለሁ። ወደ እኛ ግቢ አልተመለሰም። እማማ ከጓዳቸው ቀጥሎ አንድ ክፍል ቀጠሉለት። ሁለቱ ሆነው ካህን ጠርተው፣ አስከሬን ሳይኖር፣ እንደገና ፍትሐት አስደረጉ። ለዚያ ፍትሐት አልተጠራሁም።

እማማ ከአራት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ለቀስተኛ ፊት የቆመው እሱ ነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ወጥ ስሠራ ዋልኩ። ሳህን ሳቀብለው "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ፣ ለማንኛዋም ሴት እንደሚለው። ብዙ ሰው ነገሩን ረስቶታል፤ ድራማውን የሚያስታውሱ አሉ፣ ያኔ ግቢያችን ውስጥ የሆነውን የሚያነሳ ግን የለም።

እኔ አግብቼ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባሁ። ሌሎች ድራማዎችም ጽፌያለሁ፣ የተላለፉም የቀሩም አሉ። አንዳቸውም የዚያኛውን ያህል አልተወደዱም፤ ይሄም ራሱን የቻለ ቅጣት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ያ ድራማ ሲመሰገን እስከ ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘሁት ቃሊቲ፣ ቀላል ባቡሩን ስጠብቅ ነው። ሸብቷል፣ ትንሽ ጎብጧል። ቀድሞ ያየኝ እሱ ነው። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ አባቴ መሞት "ነፍስ ይማር" አለኝ። ባቡሩ ሲቃረብ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

"አሁንም ትጽፊያለሽ?" አለኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ከተውኩት ቆየሁ" አልኩት፤ ዋሸሁት።

"ደግ አደረግሽ" አለኝ፣ ከልቡ። ከዚያ ለሴቶች መንገድ ለቅቆ መጨረሻ ላይ ተሳፈረ።